ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሕፃናትን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ

በከተማችን መንገዶች ዳር፣ በገበያ አዳራሾች ደጃፍ፣ በባንክና በመድኃኒት ቤቶች በር ላይ ከቆሙት መኪኖች አንዳንዶቹን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ በኋላ መቀመጫ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ወይም አፍንጫውን በመስተዋቱ ላይ ለጥፎ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሕፃን ማግኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በሩ ተቆልፏል፤ መስተዋቱ ተዘግቷል፤ እናት ወይም አባት ‹‹አሁን መጣሁ›› ብለው ወርደዋል። ሕፃኑ ብቻውን ነው።

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለዚህ ልማድ ነው። ልማድ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ በድንገት አንድ ቀን ተደርጎ የሚቀር ሳይሆን፣ እንደ ቀላል ጉዳይ ተቆጥሮ የሚደጋገም በመሆኑ ነው። ትናንት ምንም ስላልደረሰ ዛሬም ይደረጋል፤ ዛሬ ምንም ካልደረሰ ደግሞ ነገ ይደገማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግልጽ መሆን ያለበት አንድ ነገር አለ። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ለልጆቻቸው ፍቅር የሌላቸው ሆነው አይደለም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚገፋፋቸው ርኅራኄ ነው። በስንት እሹሩሩ ያሸለበን ሕፃን መቀስቀስ ያሳዝናል። በአንድ እጅ ዘንቢል፣ በሌላው ልጅ ይዞ አስፋልት ማቋረጥ ይከብዳል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሰልፍ መካከል ይዞ መቆም የበለጠ የሚጎዳው ይመስላል። ሠራተኛዋ እናት ደግሞ በእጅዋ ያለው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ መድኃኒት መግዛት፣ ባንክ ደርሶ መመለስና በሰዓቱ ሥራ ገበታ ላይ መገኘት ይጠበቅባታል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሕፃን ከግፊያውም፣ ከአቧራውም፣ ከፀሐዩም የተጠበቀ መስሎ ይታያል። የስሕተቱ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቆመ መኪና ቤት አይደለም፤ ሞግዚትም አይደለም።

‹‹አንድ ጊዜ ብቻ እያት››

መኪና የሚያስቆሙ ወጣቶች ከአሽከርካሪ እናቶች የሚሰሙት ንግግር ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

‹‹የኔ ወንድም፣ ልጄ ተኝታለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ እያት፣ አሁን መጣሁ።››

‹‹ችግር የለም እናት፤ ግቢ፣ እኛ አለን።››

ወጣቱ ይህን ሲል ከልቡ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ሥራ ልጅ መጠበቅ አይደለም። አንዱን መኪና ሲያስወጣ ሌላውን ያስገባል፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ሳይከፍል ሊሄድ ያለውን ይከተላል። የመኪናው ቁልፍ በእጁ የለም። የልጅቱንም ስም አያውቅም። ሕፃኗ ነቅታ ብታለቅስ ሊያደርግ የሚችለው መስተዋቱን ማንኳኳት ብቻ ነው፤ የማታውቀው ሰው ፊቱን በመስተዋቱ ላይ ሲያስጠጋ ደግሞ ድንጋጤዋ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አደራ የተቀበለ ሰው ቁልፉ በእጁ ከሌለ አደራው በቃል ብቻ የቀረ ነው።

‹‹አሁን መጣሁ›› የሚለውንም ቃል እንመርምረው። ባንክ ቤት የገባች እናት ተራ ቁጥር ትወስዳለች። ከፊቷ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ እንደተስተናገዱ ‹‹ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ›› ይባላል። እዚህ ድረስ ጠብቃ መመለሱን ታባክነዋለች? አታባክነውም፤ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ጉዳይዋን ጨርሳ ስትወጣ በሩ ላይ ከዓመት በላይ ያላየቻት የድሮ ጎረቤቷ ታገኛታለች። ‹‹እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማማስ?›› መባባል የወግ ነው፤ በአገራችን ሰላምታ ብቻውን አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሁሉም ተደማምሮ ‹‹አሁን›› የተባለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ጥፋቱ የማንም አይመስልም። ነገር ግን የወጪና የገቢው፣ የሲስተሙና የሰላምታው ጊዜ የሚቆጠረው በዚያች መኪና ውስጥ ባለው ሕፃን ላይ ነው።

መኪናው የራሱ አየር አለው

የአዲስ አበባ ነዋሪ ‹‹የእኛ ከተማ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት የቆላ ሰው ጭንቀት ነው›› ሊል ይችላል። በርግጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በበጋ ወራት እንኳ የቀን ሙቀቷ በአብዛኛው ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ይህ ደስ የሚል አየር ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋቱ አልፎ ይገባና መቀመጫውን፣ መሪውንና ክሩስኮቱን ያግላል። እነዚህም በተራቸው በውስጥ ያለውን አየር ያሞቁታል። የሞቀው አየር መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። በፀሐይ ውሎ የቆየ መኪና ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨብጦ ወዲያው የለቀቀ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

መጠኑን ደግሞ ሳይንስ ለክቶታል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ16 ፀሐያማ ቀናት በቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ‹‹ፔዲያትሪክስ›› በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተዋል። በጥናቱ እንደታየው የመኪናው ውስጥ ሙቀት በአንድ ሰዓት ጊዜ በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። የውጪው አየር 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት ጊዜ እስከ 47 ዲግሪ ሊደርስ ችሏል። 22 ዲግሪ ማለት የአዲስ አበባ ተራ የበጋ ቀን ማለት ነው።

‹‹መስተዋቱን በትንሹ ከፍቼለታለሁ›› የሚለውም መልስ አያዋጣም። በዚያው ጥናት መስተዋቱን አራት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ በሙቀቱ አጨማመር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ ታይቷል። ጥላ ሥር ማቆምም ቢሆን መተማመኛ አይሆንም፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጥላ የነበረው ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በሰመራ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ የውጪው ሙቀት ራሱ ከ35 ዲግሪ የሚበልጥባቸው ቀናት ብዙ ስለሆኑ፣ ለእነርሱ የጊዜው ስሌት ከዚህም ያጠረ ነው።

የሕፃን ሰውነት

እናት የራሷን ሰውነት መለኪያ አድርጋ ‹‹እኔ ይህን ያህል አልሞቀኝም›› ብትል ትሳሳታለች። የሕፃን ሰውነት የአዋቂ ሰውነት ትንሽ ቅጂ አይደለም። የሕክምና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በሚበልጥ ፍጥነት ይግላል። ሰውነቱን በላብ የማቀዝቀዝ ችሎታውም ገና አልጠነከረም። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ በሹራብ፣ በኮፍያና በጋቢ የተጠቀለለ እንደሆነ ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም።

የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ የአንጎልና የሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሥራ መታወክ ይጀምራል። ወደ 42 ዲግሪ ሲጠጋ ሕይወትን ያሳጣል። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ሲሞቀው ኮቱን ያወልቃል፤ በሩን ይከፍታል፤ ውሃ ይጠጣል። ሕፃኑ ግን በቀበቶ ታስሯል፤ መክፈቻውን አያውቅም፤ ‹‹ሞቀኝ›› ብሎ ለመናገርም አፉን አልፈታም። ያለው መሣሪያ ልቅሶ ብቻ ነው። ልቅሶውም በተዘጋ መስተዋትና በመንገዱ ጫጫታ ተውጦ ይቀራል። ቀጥሎ ዝም ይላል። የተመለሰችው እናት ‹‹እሰይ፣ አልነቃም›› ልትል ትችላለች፤ ነገር ግን ያ ዝምታ ሁልጊዜ እንቅልፍ አይደለም።

ሙቀት ብቻ አይደለም

ሰማዩ ደመና ነው፣ ጊዜው ክረምት ነው ተብሎም ልጅን መኪና ውስጥ መተው አይገባም። ሕፃን ነቅቶ ብቻውን ሲሆን እጁ አያርፍም። የእጅ ፍሬኑን ያወርዳል፤ ማርሹን ያንቀሳቅሳል፤ ቁልፉ ተሰክቶ ከሆነ ያዞረዋል። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት የሞላባት ከተማ ናት። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ዓይነት መንገድ ላይ የቆመ መኪና ፍሬኑ ቢለቀቅ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። አደጋውም መኪናው ውስጥ ላለው ሕፃን ብቻ ሳይሆን ከታች መንገድ ለሚያቋርጠውም ሰው ነው።

በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ መስተዋት አንገትና ጣት ይይዛል። ወንበሩ ላይ የተረሳ ቆሎ፣ ከረሜላ ወይም ሳንቲም ጉሮሮ ይዘጋል። ትንሽ ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ እናቱን ፍለጋ በሩን ከፍቶ በቀጥታ ወደ ሚከንፈው መኪና ፊት ይወርዳል። መኪና የሚሰርቅ ሌባም ከኋላ መቀመጫ ሕፃን መተኛቱን ሳያውቅ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሞተሩን እንደበራ፣ ማቀዝቀዣውን እንደከፈቱ መሄድም መፍትሔ አይደለም። ከሰል ተያይዞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያደሩ ሰዎች ለምን እንደሚሞቱ በየቤታችን እናውቃለን። ከመኪና ጭስ የሚወጣውም ያው ሽታ የሌለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መኪናው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከቆመ ወይም የጭስ መውጫው ከተበሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማችን በዝተዋል። እነዚህ ጭስ የላቸውም፤ ነገር ግን ሲበሩ ድምፅ ስለማያሰሙ መኪናው ለመንቀሳቀስ ዝግጁ ሆኖ መቆሙ አይታወቅም። አንድ ማዞሪያ የነካ ልጅ ሊያንቀሳቅሰው፣ ወይም የተከፈተውን ማቀዝቀዣ ሊያጠፋው ይችላል።

‹‹ታላቅ እኅቱ አብራው አለች›› የሚባለውም ሌላው ማታለያ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ጠባቂ ሳትሆን ራሷ ተጠባቂ ናት። አንድ ክፉ ነገር ቢደርስ ደግሞ ያልተሸከመችውን ኃላፊነት እስከ ዕድሜ ልክዋ በልቧ ተሸክማ ትኖራለች።

መርሳትም አለ

እስካሁን የተነጋገርነው ወላጅ አውቆ ልጁን ትቶ ስለሚወርድበት ሁኔታ ነው። ሌላም አለ፤ ይኸውም ሳያውቁ መርሳት ነው። ‹‹ልጁን የሚረሳ ወላጅ እንዴት ያለ ነው!›› ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ውስጥ 1,000 የሚያህሉ ሕፃናት በመኪና ውስጥ በሙቀት ሞተዋል። አብዛኞቹ ከሦስት ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በወላጅ ወይም በአሳዳጊ የተረሱ ናቸው። አንድ አራተኛ ያህሉ ደግሞ ማንም ሳያያቸው ራሳቸው የቆመ መኪና ውስጥ ገብተው መውጣት ያልቻሉ ናቸው። የቀሩት ታውቆ የተተዉ ናቸው።

በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የሆኑት ዴቪድ ዳይመንድ ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እርሳቸው እንደሚያስረዱት የሰው አንጎል በየቀኑ የሚደጋገም ሥራን ያለ ማሰብ በልማድ ብቻ ያከናውናል። በየጠዋቱ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚነዳ አባት አንድ ቀን ልጁን ሙአለ ሕፃናት እንዲያደርስ ቢነገረውና ሕፃኑ በመንገድ ላይ እንቅልፍ ቢወስደው፣ አንጎሉ ተራውን የዘወትር መንገድ ይዞ ሥራ ቦታ ያደርሰዋል፤ ልጁንም ያደረሰው ይመስለዋል። የእንቅልፍ ማጣትና የሐሳብ ብዛት ይህን ያባብሰዋል። እንግዲህ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሌሊቱን በሕፃን ልቅሶ ያሳለፈ ሠራተኛ ወላጅ ይህ ሊደርስብኝ አይችልም ብሎ መማል የለበትም።

መርሳት በወላጅ ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022፣ የእኛ አዲስ ዓመት በሚገባበት ሰሞን፣ በኳታር አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን፣ በጃፓን ደግሞ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ተረስተው ሕይወታቸው አልፏል። ሁለቱንም ያጠፋቸው አንድ ነገር ነው፤ አውቶቡሱ ሲቆለፍ መቀመጫዎቹን እስከ መጨረሻው ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም። ከዚህ በኋላ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የሙአለ ሕፃናት አውቶቡሶች ሹፌሩን የሚያስታውስ የማንቂያ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው በሕግ አስገድዳለች። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2019፣ እስራኤል ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ከአራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚያጓጉዝ መኪና ተመሳሳይ መሣሪያ እንዲኖረው ደንግገዋል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። በአሜሪካም በብዙ ግዛቶች ሕፃንን መኪና ውስጥ ብቻውን መተው በሕግ ያስቀጣል፤ ከዚህ ልማዱን ይዘው የሚሄዱ እኅቶችና ወንድሞች አስቀድመው ቢያውቁት ይበጃቸዋል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቸል ማለቱን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚደርሰው የወላጅ ጥንቃቄ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፣ ‹‹ለአንድ ደቂቃ›› የሚለውን ቃል ከቤታችን ማውጣት ነው። ልጅ አብሮ ከወረደ ይወርዳል፤ መውረድ ካልቻለ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆያል። ከባንክ ጉዳይ ውስጥ አብዛኛው ዛሬ በስልክ የሚያልቅ ነው። መድኃኒትም ቢሆን ከበሩ ላይ ሆኖ ተጠርቶ፣ ወይም በጎረቤት ተልኮ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከመኪና ሲወርዱ ሁልጊዜ፣ ልጅ ይኑርም አይኑርም፣ የኋላውን በር ከፍቶ አይቶ መዝጋትን ልማድ ማድረግ ነው። ልማድ የሚያስረሳ ከሆነ የሚያስታውሰውም ልማድ ነውና። የእጅ ቦርሳን፣ ስልክን ወይም የመሥሪያ ቤት መታወቂያን ከልጁ አጠገብ ከኋላ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ያለ እነርሱ ቢሮ መግባት ስለማይቻል ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከሙአለ ሕፃናቱ ወይም ከምትጠብቀው ሞግዚት ጋር መስማማት ነው። ልጁ በተለመደው ሰዓት ካልደረሰ ወዲያው ለእናትም ለአባትም ይደወል። በትምህርት ቤት ሰርቪስ የምትጠቀሙ ወላጆችም ሹፌሩና ረዳቷ መኪናውን ከመቆለፋቸው በፊት እስከ መጨረሻው መቀመጫ እንደሚያዩ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ይህን መጠየቅ ነገረኛነት አይደለም።

አራተኛ፣ በግቢ የቆመ መኪናም ይቆለፍ፤ ቁልፉም ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። በኮንዶሚኒየም ግቢና በጋራዥ አጥር ሥር ለወራት የቆሙ መኪኖች ለልጆች ድብብቆሽ ምቹ ናቸው። ልጅ ከዓይን ሲሰወር ከጉድጓዱና ከበርሜሉ ጋር መኪናውም፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውም ጭምር ወዲያው ይታይ። ከፍ ያሉ ልጆችን ደግሞ ድንገት ቢዘጋባቸው ወደ ፊተኛው መቀመጫ ተሻግረው ክላክስ ደጋግመው እንዲነፉ ማስተማር ጠቃሚ ነው።

ያየ ሰው ዝም አይበል

ልጅ ብቻውን የተዘጋበት መኪና ያገኘ ሰው ‹‹የሰው ጉዳይ ነው›› ብሎ ማለፍ የለበትም። በአገራችን መኪና መንገድ የዘጋ እንደሆነ ባለቤቱ እንዲጠራ የስልክ ቁጥር በመስተዋቱ ሥር ይቀመጣል፤ በዚያ መደወል ይቻላል። ባለቤቱን በአካባቢው ጮሆ ማስጠራት፣ ፖሊስንም በ991 መጥራት ይገባል። ሕፃኑ ፊቱ ቀልቶ፣ ላብ አጥምቆት ወይም ደክሞ አንገቱን ከጣለ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። ከሕፃኑ የራቀውን መስተዋት ሰብሮ ማውጣት ነው። መስተዋት ይገዛል።

ከወጣ በኋላ ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን ማውለቅ፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስና በጋዜጣም በነጠላም ማራገብ ነው። ራሱን የሳተ ከሆነ ውሃ በአፉ ማፍሰስ ያንቀዋልና አይደረግ። የትኩሳት መድኃኒትም ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አይጠቅምም። ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት ይገባል። ያስመለሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ጥሪ የማይሰማ ሕፃን ‹‹ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል›› ተብሎ ቤት የሚወሰድ አይደለም።

ሸክሙ የእናት ብቻ አይደለም

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ምክሩን በእናቶች ጫንቃ ላይ ብቻ አስቀምጠን ብንሄድ ፍትሕ አይሆንም። ልጅ መኪና ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሌላ የሚቀርበት ቦታ ስለሌለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ፈቃድ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ረጅም ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች እናቶች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ማቆያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቅሙን አይተውታል፤ እናቲቱ በሥራዋ ላይ ልቧ ሳይከፈል ትውላለች። ማቆያ በሌለበት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ሠራተኞች ጥያቄውን በማኅበራችሁ በኩል በጽሑፍ ብታቀርቡ መብታችሁን መጠየቃችሁ ነው።

አባቶችም ‹‹ልጅ የእናት ነው›› የሚለውን አባባል መተው ይኖርባቸዋል። ሁለት ሰው ባለበት መኪና አንዱ ይወርዳል፤ አንዱ ከልጁ ጋር ይቀመጣል። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ጎረቤትም ቢሆን በአገራችን ትልቅ ሀብት ነው። ‹‹ለግማሽ ሰዓት ልጄን ያዢልኝ›› ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገ እርስዋም በተራዋ ትጠይቃለችና።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ አያቶቻችን ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ሲሉ እሳት ገና ሲጭር በእጅ ባለ ቅጠል ይጠፋል፣ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን የውሃ ብዛት አይመልሰውም ማለታቸው ነው። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ በእጃችን ነው። የተኛውን ልጅ ቀስቅሶ ማውረድ ጥቂት ያስለቅሰዋል፤ ትንሽ ያደክማል፤ ጉዳይንም ያዘገያል። ያለቀሰ ልጅ ይባበላል፤ የዘገየ ጉዳይ ይደርሳል። የኋላው በር ሳይከፈትና መቀመጫው ሳይታይ መኪናው አይቆለፍ።